የቤት ሲኒማ በጠረፍ ምድር፦ ጥሩ ምስልና ድምፅ ከሙቀት፣ ከአቧራና ከመብራት መቆራረጥ ጋር እንዴት ይታረቃል?

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በሚነሳው የረሃድ ወንዝ አካባቢ የምትገኘው መፋዛ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። ምድሯ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ደግሞ መኪና የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ሰማዩን የሚያጨልም የአቧራ ማዕበልም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ ዘመናዊ የቤት ሲኒማ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰው የሚሰበሰበው ስክሪን ባለበት ነው። ከገዳሪፍ ከተማ እስከ ገላባት፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሸኽዲ፣ የአንድ ሰሊጥ ወቅት ገቢ ወይም ከባሕር ማዶ የተላከ ገንዘብ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ይገዛበታል። ዕቃው ያለ ዕቅድ ከተገዛ ግን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ንግግሩ አይሰማም፣ ሲከፋም አንድ ምሽት ተቋርጦ የተመለሰ መብራት የዓመት ጥሪትን ያቃጥላል።

ጥሩ የቤት ሲኒማ የሚሠራው በዋጋ ብቻ አይደለም። ክፍሉን፣ ድምፁን፣ ምስሉንና ኃይሉን በቅደም ተከተል ማሰብን ይጠይቃል።

ከአደባባይ ወደ ሳሎን

በኢትዮጵያ ፊልም በአዳራሽ መታየት በጀመረበት ዘመን የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት "የሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር። በጨለማ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየት ከዚህ ዓለም ውጭ የሆነ ነገር መስሎ ነበርና። በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ። ከዚያም የካሴት ማጫወቻ ሲመጣ በየከተማው "ቪዲዮ ቤት" ተከፈተ። በአንድ ሳሎን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሳንቲም ተከፍሎ ፊልምና ኳስ ይታይ ጀመር።

በሱዳን ታሪኩ ለየት ይላል። በአገሪቱ ብዙዎቹ ሲኒማ ቤቶች ጣሪያ አልነበራቸውም። ሙቀቱ ሰውን ወደ ውጭ ስለሚያወጣ ፊልም የሚታየው ከከዋክብት በታች ነበር። እንደ ጋዳላ ጉባራ ያሉ ቀዳሚ የፊልም ሰዎችን ያፈራችው ይህች አገር፣ በአውሮፓውያኑ 1989 ከተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሲኒማዎቿ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2019 የወጣው "ስለ ዛፎች ማውራት" የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም፣ አራት አንጋፋ ሱዳናውያን የፊልም ባለሙያዎች አንድ የተዘጋ ገላጣ ሲኒማ ለመክፈት ያደረጉትን ጥረት ያሳያል።

ሲኒማው ሲዘጋ ስክሪኑ ወደ ቤት ገባ። የሳተላይት ዲሽ በየጣሪያው ተተከለ። ይህ ለውጥ ለሴቶችና ለልጆች የተለየ ትርጉም ነበረው። የቪዲዮ ቤትና የኳስ ማሳያ አግዳሚዎች በአብዛኛው የወጣት ወንዶች ናቸው። እናትና ሴት ልጅ ሳይሳቀቁ የሚቀመጡበት ሲኒማ የቤታቸው ሲኒማ ነው።

መጀመሪያ ክፍሉ

ብዙ ሰው ዕቃ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ስለ ክፍሉ ያስባል። ቅደም ተከተሉ ግን ተቃራኒው ነው። ጆሮ የሚሰማው ከድምፅ ማጉያው በቀጥታ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ፣ ከወለልና ከጣሪያ ተመልሶ የሚደርሰውንም ድምፅ ነው።

በጠረፉ አካባቢ ያሉ ቤቶች በሦስት ዓይነት ሊከፈሉ ይችላሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

በብሎኬት የተሠራና ሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል ድምፅን እንደ መስታወት ይመልሳል። በባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ሲጨበጨብ የሚሰማው የሚርገበገብ ማስተጋባት፣ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚመላለሰው ድምፅ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የጥጥ ፍራሽ፣ በመጻሕፍት ወይም በልብስ የተሞላ መደርደሪያ ድምፁን ይውጡታል። ከሁሉ አስቀድሞ መሸፈን ያለበት በድምፅ ማጉያውና በተመልካቹ መካከል ያለው የጎን ግድግዳና ወለሉ ነው።

ክብ ጎጆ ሁለት ጠባይ አለው። የሣር ክዳኑ ቀጫጭን ድምፆችን በደንብ ይውጣል፣ ከሙቀትም ይከላከላል። ክብ ግድግዳው ግን ድምፅን ወደ መሐል ይሰበስባል። በጎጆው እምብርት ላይ የተቀመጠ ሰው የተዛባ ድምፅ ይሰማል። መቀመጫውን ከመሐል ፈቀቅ ማድረግና ግድግዳውን በጋቢ ወይም በሰሌን መስበር ይጠቅማል።

በቆርቆሮ የተሸፈነ ቤት ደግሞ ዝናብ ሲመታው የፊልሙን ንግግር ይውጠዋል። በቆርቆሮው ሥር የጨርቅ ወይም የሰሌን ኮርኒስ ማበጀት ሙቀቱንም ጫጫታውንም ይቀንሳል።

የክፍሉ ቅርፅም ዋጋ አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ34 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ጎርናና ድምፅ ያጎላል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ክፍል ውስጥ ያው ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያይል አንዳንዱ ቦታ ሲያጓራ ሌላው ጸጥ ይላል። ስለዚህ ምርጫ ካለ፣ ከአራት ማዕዘን እኩል ክፍል ይልቅ ረዘም ያለው ይመረጣል። ቀጭን መጋረጃ ይህን ጎርናና ድምፅ ሊያስተካክል እንደማይችልም ማወቅ ተገቢ ነው።

ድምፅ፦ የንግግር ጥራት ይቀድማል

ተመልካች ደብዛዛ ምስልን ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገስም። በአማርኛ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። "ጠራ" እና "ተራ"፣ "ቀሰሰ" እና "ከሰሰ" የሚለያዩት በአንድ አጭር የተነባቢ ፍንጣቂ ነው። ይህ ፍንጣቂ ያለው በቀጫጭኖቹ የድምፅ ክፍሎች ውስጥ በመሆኑ፣ ማስተጋባት የበዛበት ክፍል ቀድሞ የሚያጠፋው እርሱን ነው። ቴሌቪዥኖች እየቀጠኑ ሲሄዱ አብሯቸው የሚመጣው ድምፅ ማጉያም አነሰ፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ ነው።

በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው "5.1" የሚለው ቁጥር አምስት ድምፅ ማጉያዎችንና አንድ ሰብውፈርን ያመለክታል። አንዱ ከስክሪኑ ሥር ወይም በላይ መሐል ላይ ይቀመጥና ንግግሩን ይይዛል። ሁለቱ ከተመልካቹ ፊት ግራና ቀኝ፣ ከመሐሉ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው ይቆማሉ። ሁለቱ ደግሞ በጎን ወደ ኋላ፣ 110 ዲግሪ አካባቢ ይሆናሉ። ሰብውፈሩ ጎርናናውን ድምፅ ይሰጣል። በ2012 የተዋወቀው ዶልቢ አትሞስ በዚህ ላይ ከጣሪያ የሚመጣ ድምፅ ጨመረበት።

ነገር ግን ከመግዛት በፊት አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት፦ ቤተሰቡ የሚያየው ምንድን ነው? በዩቲዩብ የሚለቀቁት አብዛኞቹ የአማርኛ ድራማዎችና ፊልሞች የተቀረፁት በሁለት መስመር ድምፅ ነው። አምስት ማጉያ ቢደረደርም የኋለኞቹ የሚያሰሙት የተለየ ነገር የላቸውም። ለእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ጥሩ ማጉያዎች ከስድስት ደካሞች ይበልጣሉ። ሁለቱ ማጉያዎችና ተመልካቹ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ማድረግ፣ ማጉያዎቹንም በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ማኖር ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

ሰብውፈር ላለው ሰው በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ብልሃት አለ። ሰብውፈሩን ለጊዜው በተመልካቹ መቀመጫ ላይ ያስቀምጡና ሙዚቃ ያጫውቱ። ከዚያም በክፍሉ ጠርዝ ዝቅ ብለው እየተዘዋወሩ ያዳምጡ። ጎርናናው ድምፅ ጥርት ብሎ የተሰማበት ስፍራ የሰብውፈሩ ትክክለኛ ቦታ ነው።

ምስል፦ ስንት ኢንች፣ ከስንት ሜትር?

የስክሪን መጠን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ነው። 55 ኢንች ማለት 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለፊልም የሚመከረው ርቀት ከዚህ ልክ 1.2 እስከ 1.6 እጥፍ ነው። ስለዚህ ለ43 ኢንች ከ1.3 እስከ 1.75 ሜትር፣ ለ55 ኢንች ከ1.7 እስከ 2.2 ሜትር፣ ለ65 ኢንች ከ2 እስከ 2.6 ሜትር ይመቻል።

"ፎር ኬ" የሚባለው ስክሪን 3840 በ2160 ነጥቦች አሉት፤ "ፉል ኤችዲ" ደግሞ 1920 በ1080። የነጥቦቹ ቁጥር አራት እጥፍ ቢሆንም ዓይን ልዩነቱን የሚያየው ቀረብ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ከ43 ኢንች ስክሪን 4 ሜትር ርቆ የሚቀመጥ ቤተሰብ ለተጨማሪዎቹ ነጥቦች የከፈለው ገንዘብ አይታየውም። በሳተላይት የሚመጣው ሥርጭት ዝቅተኛ ጥራት ያለው ከሆነም ቴሌቪዥኑ የሌለውን ዝርዝር አይፈጥርም። ኢትዮጵያውያን ጣቢያዎች የሚገኙበት ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ የዓረብኛ ጣቢያዎች የበዙበት ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ናቸው። ሁለቱንም የሚፈልግ ቤት ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል። ዲሹ በነፋስ ጥቂት ዲግሪ ከዞረም ምስሉ ይቆራረጣል።

አዲስ ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በመደብር ብርሃን ዓይን እንዲስብ ተደርጎ የተስተካከለ ነው። ቀለሙ ይጮኻል፣ የሰው ፊት ይቀላል፣ እንቅስቃሴውም ከተፈጥሮ ውጭ ይለሰልሳል። በማስተካከያው ውስጥ "ሲኒማ" ወይም "ፊልም" የሚለውን መምረጥና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማጥፋት ምስሉን የፊልም ሠሪው ወደ ፈለገው ይመልሰዋል።

ፕሮጀክተር በግቢ ውስጥ

በሱዳን ቤቶች የኑሮው ማዕከል "ሆሽ" የሚባለው በአጥር የተከለለ ግቢ ነው። በሙቀት ወራት ሰው ማታ አንገሬቡን አውጥቶ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከነጭ አቡጀዴ በተሠራ ስክሪን ላይ ፕሮጀክተር ማብራት ለዚህ አኗኗር ይስማማል።

ሆኖም ብርሃን ሲለጠጥ ይሳሳል። የምስሉ ሰያፍ ልክ በእጥፍ ሲያድግ ስፋቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 500 ሉመን የሚሰጥ አነስተኛ ፕሮጀክተር ለ100 ኢንች ምስል በጨለማ ሊበቃ ይችላል፤ በ200 ኢንች ግን ይደክማል። በርካሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶን ላይ የሚጻፉ የሉመን ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የተጋነኑ በመሆናቸው ከመክፈል በፊት አብርቶ ማየት ይበጃል።

ድምፅም በግቢ ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ አይረዳውም። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ ማስቀመጥ የፊተኞቹን ያደነቁራል፣ ለኋለኞቹ አይደርስም። ከሰው ራስ በላይ ሰቅሎ ወደ ኋለኞቹ ማዘንበል ሁለቱን ያመጣጥናል። ድምፁ በብሉቱዝ የሚላክ ከሆነ ከተናጋሪው ከንፈር ሊዘገይ ስለሚችል ገመድ ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ከኢትዮጵያ በሸኽዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ሁለቱን አገሮች ያገናኛል። ያም ሆኖ መቆራረጡ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የኃይል ጣቢያዎች ጭምር የድሮን ዒላማ በመሆናቸው ችግሩ ጠንቷል።

ዕቃን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን አመላለሱ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ቮልቴጁ ለአፍታ ሊያሻቅብ ይችላል። መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ቀላሉ መከላከያ ነው። የቮልቴጅ መከላከያ መሣሪያ መግጠምም ይረዳል። በክረምት መብረቅ ሲበረታ የዲሹን ገመድ ጭምር ከሪሲቨሩ መንቀል ያስፈልጋል። የመሬት ገመድ ዘንግ በደረቀና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ በደንብ ስለማይሠራ በጥልቀት መቀበርና ዙሪያው እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት።

በባትሪ ለሚጠቀም ቤት ስሌቱ እንዲህ ነው። 120 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን፣ 40 ዋት የሚወስድ ድምፅ ማጉያና 15 ዋት የሚወስድ ሪሲቨር በአንድነት 175 ዋት ይሆናሉ። ለሦስት ሰዓት 525 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር ከ600 ያልፋል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የአሲድ ባትሪ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወጣበት ይመከራል። ስለዚህ አንድ ባትሪ ለአንድ ምሽት እንኳ የሚበቃው በጭንቅ ነው። በማስተካከያው ውስጥ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ የቴሌቪዥኑን ፍጆታ በጉልህ ይቀንሳል፤ ማታ ለዓይንም ይሻላል።

ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጠራ ቀን ይህን ያህል ኃይል መልሶ መሙላት ይችላል። ሰሌዳው ሲግል ግን አቅሙ ስለሚወርድ ከቆርቆሮው ጋር ከማጣበቅ ይልቅ ነፋስ እንዲያልፍበት ከፍ አድርጎ መግጠም ተገቢ ነው። የአሲድ ባትሪ ኃይል ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

አቧራም ስውር ጠላት ነው። የፕሮጀክተርን የአየር መግቢያ ሲደፍን ዕቃው ይግልና ይጠፋል። ማጣሪያውን በየሳምንቱ ማራገፍ፣ ማታ በጨርቅ መሸፈን፣ ሲበራ ደግሞ ጨርቁን ማንሳት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባም አንድ ስንዝር ያህል ክፍት መተው ዕድሜ ይጨምራል። በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ መለዋወጫ ከከተማ አይደርስምና ጥንቃቄው ከጥገና ይረክሳል።

ግድግዳ የሌላቸው ተመልካቾች

በዚሁ በመፋዛ አካባቢ ቱናይድባህ የተሰኘው የስደተኞች መጠለያ አለ። በ2021 መጀመሪያ የተከፈተው ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ሱዳን ለገቡ ኢትዮጵያውያን ነው። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ዳግም የተከፈተው ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም የኢትዮጵያውያን መጠለያ ነበር። ስሙ "የመጠለያ እናት" እንደ ማለት ነው፤ "ራኩባ" በሱዳን ዓረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። በድንበሩ ወዲህ በኩል ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገብተዋል።

ለእነዚህ ሰዎች የቤት ሲኒማ ማለት የጋራ ሲኒማ ነው። ነገሩ በሌላ ስፍራ ተሞክሯል። በ1999 ለኮሶቮ ተፈናቃዮች ፊልም በማሳየት የተመሠረተው ፊልምኤይድ፣ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩበት በኬንያው ካኩማ መጠለያ ማታ ማታ በትልቅ ስክሪን ፊልም ሲያሳይ ቆይቷል። ከመዝናኛው ጎን ለጎን የጤናና የደኅንነት መልእክት ይተላለፍበታል። ድንኳን ድምፅ አያግድም፣ ጨለማም አይጠብቅም። ዳስ ግን ከላይ የሣር ክዳን፣ ከጎን ነፋስ ስላለው አይግልም፣ አያስተጋባምም። ከፊት አቡጀዴ ከተዘረጋበት ለሠላሳ ሰው የሚበቃ አዳራሽ ይሆናል።

ጆሮም ገደብ አለው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ድረስ አደጋ እንደሌለው ያስቀምጣል። ድምፁ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ለልጆች ደግሞ ገደቡ ዝቅ ይላል። ጎን ለጎን ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። ከፊልሙ በኋላ ጆሮ ላይ የሚቀር ጩኸት ደግሞ የጉዳት ማስጠንቀቂያ ነው።

ጎርናና ድምፅ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። አዛን በሚሰማበትም ሆነ ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰፈር፣ ሐዘን በተቀመጠ ቤት አጠገብም ሰብውፈርን ዝቅ ማድረግ ከቴክኒክ ይልቅ የጉርብትና ጉዳይ ነው።

ገንዘቡ ውስን ሲሆን

አቅሙ ትንሽ የሆነ ቤተሰብ በቅድሚያ ለኤሌክትሪክ መከላከያው ቢያወጣ ይመረጣል፤ ያለ እርሱ ሌላው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ቀጥሎ ክፍሉን በቤት ውስጥ ባለ መጋረጃና ምንጣፍ ያሰናዳል። ከዚያ ሁለት ጥሩ ድምፅ ማጉያዎች ይገዛል። የስክሪኑን መጠን ከመቀመጫው ርቀት ጋር አመጣጥኖ መምረጥ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰብውፈርና የኋላ ማጉያዎች የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ይህን ቅደም ተከተል የተከተለ ቤት፣ አንደኛ ደረጃ ዕቃ ገዝቶ ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ካስቀመጠ ቤት የተሻለ ያያል፤ የተሻለም ይሰማል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ዕቃው ተርፎ ያገኘዋል።